ዘጠነኛው ጥያቄ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 8

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር። እንዴት እንደከረምክ ግን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ቁጭ ብዬ ስላነበብኩት ተውኩት።

ሥራዬን ታውቃለህ። አምስት ከተሞች መኖሪያ የሌላቸውን ሰዎች ስም ይልኩልኛል፤ እኔ አንድ መዝገብ ላይ አሰባስቤ፣ የጋራው በጀት ማንን በስንተኛ ተራ እንደሚረዳ አስይዛለሁ። ሰኞ አሁን ካለህበት ከተማ ዝርዝር መጣ። ወደ ጋራው መዝገብ ሳስገባው አርባ ሦስተኛው ተራ ላይ ያንተ ስም፣ የአባታችን ስም፣ የአያታችን ስም። ዕድሜ፣ ሃምሳ ስምንት። ሙያ፣ ለሳኝ። አድራሻ፣ የክረምት መጠለያ፣ አልጋ ሃያ ሰባት። ዘመድ፣ የለም።

ሞክሼ ነው አልኩ። "ግራ ትከሻው ላይ የቆየ ስብራት" የሚለውን እስካነብ ድረስ ሞክሼ ነው አልኩ።

"ሩቅ አገር ትልቅ ሕንፃ ይዘናል፣ ስልክ አይሠራም፣ አታስቢ" ብለህ የጻፍክልኝ አምና ነው። እኔም ላገኘሁት ሰው ሁሉ "ወንድሜ ሕንፃ ይዟል" እያልኩ ስኩራራ ከረምኩ። ተናድጃለሁ። ብታየኝ ኖሮ እንደ ድሮው እስኪበርድልኝ ድረስ ደጅ ወጥተህ ትቆም ነበር።

አጠገቤ የምትሠራው ባልደረባዬ ዝርዝሩን አይታ "የአባትሽ ሞክሼ ልጅ አለ" ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ። የአባታችን ስም በየሰፈሩ የሞላ ስም መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን።

ስልክ እንደሌለህ ከቅጹ ላይ አይቻለሁ፤ የመጠለያው ስልክ ደግሞ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ፖስታ በየሐሙሱ ብርድ ልብስ የሚያመጣው ሹፌር ይሰጥሃል። ቅጽ ነው ብዬዋለሁ። መልስህን በዚያው ፖስታ አሽገህ ስጠው።

ሦስት ነገር ብቻ ንገረኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ትከሻህ እንዴት ነው? "ዘመድ የለም" ለምን አልክ?

እህትህ

---

ሐሙስ፣ ሐምሌ 15

ሚጢጢዬ፤

ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ፊቴን ታጥቤ፣ ጫማዬን አስሬ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው፤ ስለዚህ እመኚኝ። መናደድሽ ደግ ነው። ብታለቅሺ ይብስብኝ ነበር።

መጠለያው ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል፤ ቢያወራም አይሰማ። ስልሳ አልጋ አለ። ኃላፊዋን "ወይዘሮ ሰልፍ" እንላታለን። ለሻይ ሰልፍ፣ ለሳሙና ሰልፍ፣ ከበሩ ለመውጣት እንኳ ሰልፍ ነው። ክፉ ሰው ግን አይደለችም። አልጋ ሃያ ስምንት ላይ ያለው ጎረቤቴ ደግሞ "ጠበቃው" ይባላል። ጠበቃ ሆኖ አያውቅም፤ የጫማ ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ሾርባው ከቀጠነ ግን "ይግባኝ እጠይቃለሁ" ይላል። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው የለውም፣ እሱም አይደብቀው።

ከመቼ ጀምሮ ላልሽው፣ አልነግርሽም። ትከሻዬ እንዳለ ነው። ቀኝ እጄ ይሠራል፣ ግራው ቁጭ ብሎ ያያል።

"ዘመድ የለም" ያልኩት ለተንኮል አይደለም። መዝጋቢዋ ጨዋ ሴት ነበረች። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ጋሼ፣ በአምስቱ ከተሞች ውስጥ ደመወዝተኛ ዘመድ ካለዎት ከመዝገቡ ይሰረዛሉ፤ ወደ ዘመድዎ ነው የሚላኩት። አስበው ይመልሱልኝ" አለችኝ። አሰብኩ። አንቺ ቤት መጥቼ የት ልተኛ? አማትሽ ሳሎኑን ይዛለች፣ ልጆችሽ ሦስቱም አንድ ክፍል ናቸው፤ ጣሪያ ላይ ልወጣ? ባልሽ ጨዋ ሰው ነው። ጨዋ ሰው ደግሞ "ውጣ" አይልም፣ ዝም ብሎ ይከሳል። እሱ ሲከሳ አንቺ ትከሻለሽ። ስለዚህ የለኝም አልኩ፣ እሷም ጻፈች።

ያንን ጥያቄ ያወጣው ሰው ግን ብልህ ነው። ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ዘመዱን የሚያስክድ ጥያቄ ተራ ሰው አያስበውም። እናንተ መሥሪያ ቤት ከሆነ ያለው፣ ሰላም በይልኝ።

እንዳትመጪ። ከመጣሽ መጀመሪያ የምታይሽ ወይዘሮ ሰልፍ ናት፤ እሷ ያየችውን ደግሞ ሁሉ ትመዘግባለች።

ወንድምሽ

---

ሐሙስ፣ ሐምሌ 29

ወንድም ጋሼ፤

ባለፈው ሐሙስ ሹፌሩ ባዶ እጁን ስለመጣብህ ይቅርታ አድርግልኝ። ጽፌ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ሰላምታህን አድርሻለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ነው ያደረስኩት። ዘጠነኛውን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እንዳትስቅ። እንዴት እንደሆነ ስማኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አምስቱ ከተሞች ሰውን እንደ ኳስ ይቀባበሉ ነበር። አንዱ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጦ ወደ ሁለተኛው ይልካል፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። አንዲት ሴት በአንድ ወር ውስጥ በአራት ከተማ መዝገብ ላይ አራት ጊዜ ተቆጥራ፣ አንዱም ጋ አልጋ አላገኘችም። በጀት ሰጪዎቹ "በአንድ መዝገብ ካልተስማማችሁ እንዘጋዋለን" አሉ። አንድ አደረግኩት፤ ዘጠኝ መቶ ስም ሆነ። ኃላፊዬ አየና "ሦስት መቶ አድርጊልኝ" አለኝ። ዘጠነኛውን ጥያቄ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጣሁ ጻፍኩት። ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ይሂድ፣ ምን ክፋት አለው አልኩ። ከዘጠኝ መቶው ስድስት መቶው ወጣ። ስብሰባ ላይ አጨበጨቡልኝ። ስድስት መቶው ሰው ዘመዱ ቤት ይድረስ አይድረስ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባል የለ? አርቄ ቆፈርኩና አንተን አገኘሁበት። አፍሬያለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ሌላ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። እናንተ ከተማ ውስጥ አርባ ክፍል ያለው ሕንፃ እየተሠራ ነው። አምስቱ ከተሞች ተስማምተው በጋራ የሠሩት የመጀመሪያው ነገር ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ በመዝገቡ ላይ ላሉት የመጀመሪያ አርባ ሰዎች ይታደላል። የናንተ መጠለያ በጀቱ የክረምት ስለሆነ በዚያው ቀን ይዘጋል። አንተ አርባ ሦስተኛ ነህ።

ስለዚህ እኔ ጋ ና። ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም፣ ግን እነግረዋለሁ። ይመቻቻል። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደግከኝ በስንት ክፍል ቤት ነበር? አንድ አልነበረም?

እህትህ

---

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6

ሚጢጢ፤

ሳቅሁ። "እንዳትስቅ" ባትይኝ ኖሮ ምናልባት አልስቅም ነበር። ጠበቃው "ምን ተገኘ?" ብሎ ከአልጋው ተነሳ። "አንድ ዳኛ በገዛ ፍርዷ ታሰረች" አልኩት። "ይበላት!" አለ። አትቀየሚው፣ አያውቅሽም።

አልተቀየምኩሽም። እውነቱን ለመናገር ሁለት ቀን ተቀይሜ ነበር፣ ከዚያ ለቀቀኝ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ጫማዎቹን በቁመታቸው ካላሰለፍሽ እንቅልፍ የማይወስድሽ ልጅ ነበርሽ። ክፋት አልነበረብሽም፣ ሰልፍ መውደድ እንጂ።

እኔ ጋ ና ላልሽው ግን፣ መዝገብሽን ከኔ የተሻለ የምታውቂ መስሎኝ ነበር። አሥራ አራት ቀን በዘመድ ጣሪያ ሥር ያደረ ሰው "ቤት አለው" ተብሎ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው ሁለት ዓመት ተመልሶ አይመዘገብም። ግድግዳችን ላይ በትልቁ ተለጥፏል፤ ጠበቃው በቃሉ ይወጣዋል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ባልሽ መክሳት ሲጀምር ወዴት እሄዳለሁ? ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰው መሀል ሳስነጥስ ይቅርታ የምል ሰው ሆኛለሁ። ከውስጥ የሚቆለፍ፣ የኔ የምለው በር እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አንድ ዜና ደብቄሻለሁ። ያን ሕንፃ የምለስነው እኔ ነኝ። ሥራ ተቋራጩ ለሳኝ ቢያጣ መጠለያው ድረስ መጥቶ "ሙያ ያለው አለ?" አለ። ወይዘሮ ሰልፍ መጀመሪያ አሰለፈችን፣ ከዚያ እኔ ብቻ ቀረሁ። የቀን ሥራ በቅጹ ላይ ገቢ ተብሎ አይቆጠርም፤ ይህንንም አንቺ ሳትጽፊው አልቀረሽም፣ ተባረኪ። ግድግዳውን ብታዪው! ቱምቢ ጥዬ ስለካው ሆዱ ተነፍቷል፤ ግንበኛው በጤናው አልገነባውም። በልስን አቃናሁት፣ ያውም በአንድ እጅ። ቀን የሰው ቤት ሳቃና እውልና ሲመሽ ተመልሼ እሰለፋለሁ። አንዳንዴ እርጥቧን ግድግዳ በመዳፌ እየዳበስኩ ማን ይሆን የሚገባብሽ እላታለሁ።

ተራዬን እንዳትነካኪው። ሰው ገፍቼ መግባት አልፈልግም።

ወንድምሽ

---

ሐሙስ፣ ነሐሴ 20

ወንድም ጋሼ፤

"ጽሕፈትሽ ተንቀጥቅጧል፣ ምን ሆነሻል?" ላልከኝ፣ ባለፈው የጻፍኩልህ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ብዬ ልዋሽህ አስቤ ነበር። አይደለም። በዚያ ቀን ሦስት ሰው ሰርዤ ነው።

ኮሚቴው ክፍሎቹ ከመታደላቸው በፊት የመጀመሪያዎቹ አርባ አምስት ሰዎች እንዲጣሩ አዘዘ። ስማቸው ከአምስቱ ከተሞች የደመወዝ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። የሚያመሳክረው ደግሞ የኔ ክፍል ነው፤ ማለት እኔ ነኝ። አንዲት አሮጊት ነርስ ልጅ ተገኘችባቸው። አንድ ሰው አስተማሪ ወንድም፣ አንዷ ደግሞ ሹፌር ባል አላት፤ ከተለያዩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሦስቱም ዘጠነኛው ላይ "የለም" ብለው ነበር። ሦስቱንም ሰረዝኩ። ያንተ ስም ላይ ስደርስ ገጹን ገለጥኩ።

ተራህን አልነካካሁም። ግን አርባኛ ሆነሃል።

ገና አላለቀም። በመዝገቡ ላይ የሠራን ሰዎች በሙሉ "ከተመዘገቡት ውስጥ ዘመድ የለኝም" ብለን እንድንፈርም ወረቀት ታድሎናል። ጳጉሜን ሳያልቅ መመለስ አለበት። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ብናገር ትሰረዛለህ፣ ሁለት ዓመት ደጅ ትወድቃለህ። ብፈርም ውሸት ነው፤ የተነቃ ቀን ለሁለታችንም አይሆንም። ሥራውን ልልቀቅ ብዬም አሰብኩ። ብለቅ ማጣራቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ያ ሰው ደግሞ ገጹን አይገልጥልህም። በሁሉም በኩል ዞሬ አየሁት፣ መውጫ የለውም።

ምን ላድርግ? እንደ ልጅነቴ ልጠይቅህ ነው። ንገረኝና ያልከኝን አደርጋለሁ።

እህትህ

---

ሐሙስ፣ ነሐሴ 27

ሚጢጢዬ፤

ፈርሚ።

ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሳምንቱን ሙሉ ፈጅቻለሁ። የቀረውን ደግሞ የምጽፈው ቅዱስ እንዳልመስልሽ ነው።

አሮጊቷን ነርሷ ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። ልጅቱ እያለቀሰች፣ እሳቸው እየተሳደቡ ወጡ። "አርባ ቀን ከዚህ ሁሉ ወንድ ጋር ስሰለፍ የከረምኩት አማትሽን ላላይ ብዬ ነው" ይሏታል። ሁላችንም ወደ ጣሪያው ስናይ ቆየን። እኔ ብቻ ነበርኩ እሳቸው ለምን እንደተገኙ፣ እኔ ለምን እንዳልተገኘሁ የማውቀው።

አርባ አንደኛው ማን እንደሆነ አንቺ በስም ታውቂዋለሽ፤ እኔ የማውቀው አልጋ ሃያ ስምንት ብዬ ነው። ዘመድ የለኝም ሲል እውነቱን ነው የሚናገረው። ትናንት "አንድ ሰው ቢሞት እኮ እገባለሁ" አለና ወዲያው ደንግጦ "ይቅር ይበለኝ" አለ። ሻይዬን ሰጠሁት። ከዚህ በላይ የሰጠሁት ነገር የለም።

ላንቺ ብዬ ነው ፈርሚ የምልሽ ብል ውሸት ነው። ለራሴ ነው። በሩን ፈልጌዋለሁ። ከራስ በላይ ነፋስ ሲሉ ስሰማ ሰዎቹን እታዘብ ነበር፤ አሁን ገባኝ። ከፈረምሽ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ የኔ ጥፋት ይሁን። ለማንም፣ ለባልሽም ቢሆን እንዳትነግሪ፤ ምስጢር የሚያውቀው ሰው በበዛ ቁጥር መፍሰሻው ይበዛል።

አንድ ሰው ከኮሚቴው መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። "በቢሮው ውስጥ የሚያውቁት ሰው አለ?" አለኝ። የለም አልኩት። ስክድሽ ሁለተኛ ጊዜዬ ስለሆነ ቀለለኝ።

ወንድምሽ

---

ሐሙስ፣ መስከረም 13

ወንድም ጋሼ፤

ስለ ማክሰኞው ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የምጽፈው፤ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን አላውቅም።

ከኮሚቴው ጋር ሕንፃውን ልናይ እንደምንመጣ ልነግርህ ጊዜ አልነበረኝም። አንተ የምትሠራበት ፎቅ ላይ እንደማንወጣ ተነግሮኝ ነበር። ኃላፊዬ "ከሚገቡት አንዱ ራሱ ለሳኙ ነው አሉ! ግሩም ታሪክ ነው" ብሎ ፎቶ አንሺውን አስከትሎ እጄን ሲስበኝ ወደ ኋላ የምልበት ምክንያት አጣሁ። መሰላሉ ላይ ሆነህ ጀርባህን አየሁት። ከስተሃል። ጀርባህ እንዲህ ቀጭን መሆኑን ማንም ቅጽ ላይ አልጻፈልኝም።

ስትወርድ እጄን ዘረጋሁ። "ስምዎን ማን ልበል?" አልኩህ።

አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ "አንተ" ያልኩህን ሰው "እርስዎ" አልኩት። የራስህን ስም ነገርከኝ፤ የአባታችን ስም ጋ ስትደርስ ጉሮሮህን ጠረግህ። ኃላፊዬ ከኋላዬ "ቤተሰብ እንዳለው ጠይቂው" አለኝ። ጠየቅኩህ። "የለኝም፣ እመቤቴ" አልከኝ፤ ፎቶ አንሺውም አነሳን። ፎቶው ነገ የቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሁለታችንም እንስቃለን።

እጄ ላይ የቀረውን ሲሚንቶ እስከ ምሳ ሰዓት አልታጠብኩትም። ባልደረባዬ "እጅሽ ቆሽሿል" ስትለኝ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄጄ አለቀስኩ።

ፈርሜያለሁ። ጳጉሜን ሦስት ቀን ነው የፈረምኩት። ቁልፍ የሚታደለው ቅዳሜ መስከረም 29 ነው። እስከዚያ ምንም እንዳይመጣ ከማሰብ በቀር ሥራ የለኝም።

እህትህ

---

ሐሙስ፣ መስከረም 20

ሚጢጢ፤

ተይ እንግዲህ። ደህና አድርገሽ ተጫወትሽው፤ እኔም ደህና ተጫወትኩ። ደግሞ "እርስዎ" መባል አይከፋም። ዕድሜ ልኬን አንተ ስባል ኖሬ በስተርጅና ለአንቱታ በቃሁ። ጠበቃው ከወይዘሮ ሰልፍ ሰምቶ "ባለሥልጣን ጨበጠችህ አሉ" ብሎ እጄን አገላብጦ ሲያይልኝ ነበር።

"ተቀይመኸኛል ወይ" ብለሽ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ለጻፍሽው፣ አልተቀየምኩም። መሰላሉን ወጥቼ ሥራዬን ልቀጥል ስል ግን የያዝኩት ልስን እጄ ላይ ደረቀ። ሲሚንቶ አይጠብቅም። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ወፍረሻል። ያምርብሻል። ይህንን ያን ጊዜ ልነግርሽ አልቻልኩም።

ወንድምሽ

---

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4

ሚጢጢዬ፤

ገባሁ። ክፍል ሠላሳ አንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ቧንቧ፣ መስኮት። በር አለው። ቅዳሜ ቁልፉን ሰጥተውኝ እንደገባሁ ቆለፍኩት። ከፈትኩት፣ መልሼ ቆለፍኩት። ጎረቤቴ የሆነ ነገር የተበላሸ መስሎት "ልርዳዎት?" ብሎ መጣ።

ደስ ብሎኛል። ደስ አላለውም እንዳትዪ። ግን ሁሉንም ልንገርሽ።

መጠለያው በዚያው ቀን ተዘጋ። ጠበቃው ሻንጣውን ይዞ ሕንፃው በር ድረስ ሸኘኝ። "ጥቂት ቀን እኔ ጋ ሁን፣ መሬቱ ሰፊ ነው" አልኩት። በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ ቀና ብሎ አነበበና "እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው። በመጀመሪያው ቀን ደንብ አፍርሰህ ልትባረር?" አለኝ። ከዚያ "ይግባኝ እጠይቃለሁ" ብሎ ሳቀ። ጨብጦኝ ሄደ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም፤ ቢነግረኝ ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ ነው ያልጠየቅኩት። አንቺም እኔም ስለ ሰውዬው ንጹሕ ነን ማለት አንችልም።

ወይዘሮ ሰልፍ የሕንፃው ተቆጣጣሪ ሆና መጥታለች፣ ደስታዋ ወሰን የለውም። መግቢያው ላይ የእንግዳ መዝገብ አስቀምጣለች። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ "ከነዋሪው ጋር ያለዎት ዝምድና"። መዝገቡ በየወሩ ወደ እናንተ ቢሮ ይላካል። "እሑድ ልምጣ" ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። እዚያ ሦስተኛው ቦታ ላይ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?

በሩን እፈልጋለሁ ያልኩሽ ከውስጥ የሚቆለፍ ነበር። ማን እንደሚያንኳኳው ግን አላሰብኩበትም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይላሉ፤ እኔ ዘመድ ክጄ አመዱን አገኘሁ።

ሹፌሩ አሁን ለሕንፃው አምፖልና ሳሙና ያመጣል፣ ፖስታውም በሱ ይምጣ።

ወንድምሽ

---

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

ወንድም ጋሼ፤

ስለ ጠበቃው እንዳጣራልህ ጠይቀኸኝ ነበር። አጣራሁ። አድራሻ ስለሌለው በመዝገቡ ላይ "አልተገኘም" ተብሏል። ሦስት ወር ካልተገኘ ይሰረዛል። የጎረቤት ከተሞቹን መዝጋቢዎች አንድ በአንድ ደውዬ ጠየቅኩ፤ ያየው የለም። ዘጠነኛው ጥያቄ እንዲነሳ ለኮሚቴው ጻፍኩ። "ውጤት ያመጣ ጥያቄ ለምን ይነሳል?" ብለው መለሱልኝ፤ የሕንፃውንም ፎቶ አያያዙልኝ። አንተና እኔ ያለንበትን ነው።

ልጆቼ "አጎታችን ሕንፃውን ጨረሰ?" ይሉኛል። ጨረሰ አልኳቸው። "ታዲያ ለምን አይመጣም?" አሉኝ። ሌላ ሕንፃ ያዘ አልኩ። አንድ ውሸት ስታሳድግ እሱም ይወልዳል። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ።

አሁን አንድ መንገድ አግኝቻለሁ፤ እንዳትቆጣ። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ክፍል ከመጀመሪያው ወር በኋላ፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ በቢሮው ሠራተኛ ይጎበኛል። አሥራ ስምንት ጥያቄ ያለው ቅጽ አለ። ለናንተ ሕንፃ ስሜን አስገብቻለሁ። ሰኞ፣ ጥቅምት 29 እመጣለሁ። ለአንድ ክፍል አሥር ደቂቃ ነው የሚፈቀደው፤ ወይዘሮ ሰልፍም አብራኝ ትገባለች። መቀመጥ አይቻልም፣ የሚቀርብ ነገር መቀበልም አይቻልም። ስለዚህ ምንም እንዳታዘጋጅ።

ቤትህን ላይ ነው። በሌላ በምንም በኩል መግቢያ አላገኘሁለትም።

እህትህ

---

ሐሙስ፣ ኅዳር 2

ሚጢጢዬ፤

በሰላም ገባሽ? መንገዱ ጭቃ ነበር፣ ጫማሽ ቀጭን ነው።

ምንም እንዳታዘጋጅ ብለሽኝ ነበር። ወለሉን አጠብኩ፣ ከጎረቤቴ ካውያ ተውሼ ሸሚዜን ተኮስኩ፣ ሁለተኛ ወንበርም ተዋስኩ። እንደማትቀመጪ አውቄያለሁ። ወንበሩ ባዶውን ይቁም ብዬ ነው።

በሩ ሲንኳኳ ቶሎ አልከፈትኩም። አትቀየሚኝ፣ ትንሽ ልስማው ብዬ ነው። ከገባሁ ጀምሮ ያንኳኳልኝ ሰው አልነበረም።

ስታነቢ ወረቀቱን አፍንጫሽ ድረስ አስጠግተሽ ነበር። ዐይንሽ ነው ወይስ እኔን ላለማየት ነው? "ቧንቧው ያንጠባጥባል?" አያንጠባጥብም። "መስኮቱ ይዘጋል?" ይዘጋል። "ግድግዳው ላይ እርጥበት አለ?" እኔ ለስኜው እርጥበት! እዚያ ላይ ልስቅ ነበር፣ ወይዘሮ ሰልፍን አይቼ ዋጥኩት። "ከእርስዎ ጋር የሚኖር ሰው አለ?" የለም። "በጤናዎ ላይ የተለየ ነገር አለ?" የለም አልኩሽ። አለ፣ ግን እሷን ምን ቸገራት።

መጨረሻ ላይ "አመሰግናለሁ፣ አባቴ" ብለሽ ወጣሽ። ቅጹ ላይ እንደሌለ አውቃለሁ።

ቅር ያለኝን ልንገርሽ። ግድግዳዬ ላይ ሰዓት አለ። አሥራ ስምንቱን ጥያቄ በአራት ደቂቃ ጨረስሽው። መፍራትሽ ገብቶኛል፤ እኔም መልሴን አሳጥሬብሻለሁ፣ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። ግን ስድስት ደቂቃ ተርፎን ነበር፣ ሚጢጢ። ስድስቱንም ደቂቃ ይዘሽብኝ ሄድሽ።

የሚቀጥለው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ቧንቧው ጋ ስትደርሺ ራስሽ ከፍተሽ እዪው። መስኮቱንም ሄደሽ ዝጊው፣ ክፈቺው፤ ተቆጣጣሪ ነሽ፣ ማን ይከለክልሻል? አሥራ ስምንት ጥያቄ ነው። ቀስ ብለሽ ጠይቂኝ።

ወንድምሽ